ደወል ላይ ያረፈችው

ሥራዬ ነፍሳትን ማጥናት ነው፤ መረብ ይዤ ስሮጥ ያየኝ ሁሉ ይስቅብኛል። ዳባት አጠገብ ክንፏ ዳንቴል የሚመስል፣ ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ያላት አረንጓዴ በራሪ አየሁ። እንዲህ ያለች የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለችም፤ ልቤ ዘለለ።

ሳባርራት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገብታ ደወሉ ላይ አረፈች። መረቤን ሳነሳ አዛውንቱ ቄስ፣ መምሬ ተገኝ፣ በመቋሚያቸው አገዱኝ።

«ተው ልጄ፣ ተማጥናለች! ድሮ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ሸሽቶ ይህን ደወል ከያዘ አይነካም ነበር።»

«አባቴ፣ በራሪ እኮ ናት!»

«በደሏስ ምንድን ነው?»

«ምንም። አዲስ ዓይነት ስለሆነች ለዓለም ላሳውቃት ነው።»

«ከያዝካት በኋላስ?»

«አልኮል ውስጥ አስቀምጣታለሁ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

መምሬ አማተቡ። «ያለ ጥፋቷ አረቄ ውስጥ ልትደፍቃት?»

ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። እሷን የምትመስል ሌላ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

በሳምንቱ መምሬ ያረፍኩበት ቤት ድረስ መጡ። ከጋቢያቸው ሥር የክብሪት ቀፎ አወጡ፤ ጥጥ ላይ ተኝታለች።

«ደወሉ ሥር በራሷ ሞት ሞታ አገኘኋት። በል፣ ለዓለም ንገርላት።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«አረቄ ውስጥ ግን እንዳትከታት አደራ፤ የደብር ልጅ ናት።»