ሳልተረጉም የዘለልኳት ቃል

ነርስ ሆኜ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባሁ ቀን ሥራዬ ቆሞ ማየት ብቻ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር፣ «እጅህን ደረትህ ላይ አድርግ፤ አረንጓዴ ጨርቅ የተነጠፈበትን ነገር እንዳትነካ» አሉኝ። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ እንደዚያው ቆምኩ። ቆይቶ ደም መጥረጊያ ጎዝ መቁጠር፣ ከዚያም መቀስና መቆንጠጫ ማቀበል ጀመርኩ።

ያን ጊዜ አምቦ እኛ ሆስፒታል የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሆዱ በሰፊው ይከፈት ነበር። ከዓመታት በኋላ ካሜራው መጣ። ሆድ በጋዝ ይነፋል፤ ካሜራውና ቀጫጭን መሣሪያዎች በትንንሽ ቀዳዳ ይገባሉ፤ ሐኪሙ ስክሪን እያየ ይሠራል። የእኛ ሐኪም ደግሞ ሁሉንም በእምብርት፣ በአንድ ቀዳዳ ማስገባት ተምሮ ተመለሰ። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ሥራው ቀርፋፋ ነው።

አዴ ጫልቱ ከባለቤታቸው ከኦቦ ድንቃ ጋር ከካቺሲ መጡ። ሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር ሞልቶበታል፤ በግራ በኩል ማህፀናቸው አጠገብ ደግሞ ውኃ የቋጠረ እብጠት አለ። ከዚህ ቀደም ሆድዎ ይከፈት ሲባሉ ፈርተው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር።

ሐኪሙ ኦሮምኛ ስለማይችል አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«ሁለቱንም በአንድ ቀዳዳ ለመጨረስ እሞክራለሁ። ካልሆነ እጨምራለሁ፤ ከባሰም እከፍታለሁ በላቸው» አለኝ።

ዳግመኛ እንዳይሄዱ ፈራሁ። «ቶኮ ቆፋ» አልኳቸው፤ አንድ ብቻ። አዴ ጫልቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው የስምምነት ወረቀቱን ፈረሙ።

እብጠቱ ያለችግር ወጣ። ሐሞት ከረጢቱ ግን ጉበቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሲላቀቅ አንዲት የደም ሥር ተቆረጠችና ስክሪኑ ቀላ።

«በቀኝ በኩል አንድ ቀዳዳ ልጨምር። የመሣሪያ ማስገቢያ ቱቦውን ስጠኝ» አለ ሐኪሙ።

እጄ ቆመ። «አንድ ብቻ ብያቸዋለሁ፣ ዶክተር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቱቦውን ስጠኝ።»

ሰጠሁት። በአዲሱ ቀዳዳ የደም ሥሯን የሚቆነጥጥ ክሊፕ አስገብቶ ደሙን አቆመ፤ ከረጢቱንም አወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ጫልቱ ልብሳቸውን ገልጠው ሁለት ፕላስተር አገኙ። ኦቦ ድንቃ፣ «ሐኪሙ ዋሽቶናል» አሉ። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ሐኪሙ ላይ ይቀር ነበር።

«ሐኪሙ አልዋሸም፣ ኦቦ። እሞክራለሁ ነው ያለው። ያቺን ቃል ሳልተረጉም ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አዴ ጫልቱ ልብሳቸውን መልሰው ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሉውን ብሰማ እንቢ እል ነበር ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«እል ይሆናል። ሆዱ ግን የእኔ ነው» አሉ።

ድነው ወጡ። ለቀጠሮ ሲመለሱ ሌላ አስተርጓሚ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ለሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቻችን የምንተረጉመውን ታካሚው በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያደርጋሉ፤ የተረዳው የተነገረው መሆኑን ያያሉ።

ለአዲስ ነርሶች የምለው ይህን ነው፤ ሐኪሙ «እሞክራለሁ» ካለ «እሞክራለሁ» ብላችሁ ተርጉሙ። ታካሚው ቢሄድም ይሂድ።