ቅዳሜ ያነበብኩላት ዝርዝር

ሂተር ላይ የተሰጣ እርጥብ ጋዜጣ ሽታ አንዳንዴ ከየት እንደሆነ ሳላውቅ ይመጣብኛል፣ ያን ጊዜ የያዝኩትን ነገር አስቀምጬ ጥቂት እቆማለሁ። ሆፕኪንስ በምትባል የስደት ከተማ በነበረው አፓርታማችን ጋዜጣው ሁልጊዜ በረዶ ውስጥ ይወድቅ ነበርና ታላቅ ወንድሜ በረከት እያራገፈ አምጥቶ፣ ገጽ በገጽ ለያይቶ፣ ሂተሩ ላይ ያሰጣው ነበር። ሲደርቅ ጠርዙ ይጠቀለል ነበር፣ ቀለሙም ይሸት ነበር።

ክረምቱን በሙሉ የሚጠብቀው አንድ ጋዜጣ ነበር። ሰፈራችን ገና በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ሞቃት አገር ሄዶ ይለማመዳል፣ ወደ ልምምዱ ከአርባ ሰው በላይ ይሄዳል፣ ለውድድሩ የሚያዙት ግን ሃያ አምስት ናቸው። መጋቢት ሲያልቅ ጋዜጣው የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከነፎቶአቸው ያወጣ ነበር፣ ማን ጥሩ እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ወደ ታችኛው ቡድን እንደሚመለስ እየጻፈ። በረከት ያንን ወደ አማርኛ እየመለሰ ለእማዬ ያነብላት ነበር። እሱ በበጋ ስታዲየሙ ውስጥ ኦቾሎኒ ይሸጥ ስለነበር፣ እማዬ ተጫዋቾቹን የምታያቸው ልጇ እንደሚሠራበት ቤት ሰዎች ነበር።

«ይሄኛው ኳስ ወርዋሪ ትከሻውን ታሞ ነው የከረመው፣ አሁን ግን ድኗል ይላሉ» ይላታል።

«ፊቱ አልዳነም» ትላለች ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ።

አባዬ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ጨዋታው ውስጥ ይገባ ነበር። «ዱላውን ጥሎ የሚሮጥ ወንድ እዚህ አገር ነው ያየሁት።»

«አባዬ፣ ኳሱን ከመታ በኋላ እኮ ነው የሚጥለው!»

«እሱማ ይባስ! መትቶ መሸሽ!»

በረከት ያነበበላት ያች የመጨረሻዋ ቀን እሑድ ትመስለኝ ነበር፣ አይደለም፣ ቅዳሜ ነበረች። በረከት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጠዋት ወርዋሪዎቹንና ኳስ ቀላቢዎቹን አንብቦላት ጨረሰና ሰዓቱን አየ፣ ክረምት ክረምት ሮዝቪል አንድ የጫማ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ስለነበር መሄድ ነበረበት።

«የቀረውን ስመለስ አነብልሻለሁ» አላት። ለእኔ ደግሞ «ሚኪ፣ ቀድመህ እንዳታነብላት። ያንተ አማርኛ ቡድኑን ይበትነዋል» አለኝ።

«ቀስ ብለህ ድራይቭ አድርግ» አለችው እማዬ፣ «ቀልጦ የረጋው ነው የሚያድጠው።»

የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ይኸው ነው። ሌላ ነገር ብሎ እንደሆነ ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የለም።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ግን የቤታችንን ስልክ የማነሳው እኔ ነበርኩ። የመብራት ቢሉም፣ የክሊኒክ ቀጠሮውም፣ የአባዬና የበረከት መኪኖች ኢንሹራንስም በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። ልጅ መሆኔን ካወቁ አናነጋግርህም ስለሚሉ ድምፄን ወፈር አድርጌ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው እል ነበር፣ ይህንንም ያስተማረኝ አባዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል የደወለችው ሴት አዋቂ ሰው እንዳቀርብላት ስትጠይቀኝ፣ ከልማዴ፣ ወንድሙ ነኝ፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው አልኳት። ስለዚህ ነገረችኝ። መኪናው ድልድይ ላይ አድጦት ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ በሕይወት አልነበረም። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። አመሰግናለሁ አልኩ።

እማዬ ምድር ቤት ልብስ እያጠበች ነበር። አባዬ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ስለነበር ተኝቷል። ቀሰቀስኩትና ሴትዮዋ ያለችኝን በእንግሊዝኛ እንዳለ ነገርኩት፣ በአማርኛ አልወጣልኝም። ተነሥቶ ተቀመጠ። አንድ ካልሲ ለማጥለቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ከእኛ በታች የሚኖሩትን ጋሽ ኤርምያስን ጠራቸውና በእሳቸው መኪና ወደ ሆስፒታል ሊሄዱ ሲሉ ሁለት ትከሻዬን ያዘኝ።

«እናትህ ዛሬ አትሰማም። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ነገ ጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ምን ልበላት?»

«የሆነ ነገር በላት።»

እማዬ የሞቀ ልብስ በቅርጫት ይዛ ስትገባ እኔ ስልኩ አጠገብ እንደቆምኩ ነበርኩ።

«አባትህስ?»

«ሥራ ጠርተውት።»

«በረከት አልደወለም?»

አልደወለም ብል ይበቃ ነበር። «ደውሏል» አልኩ። «መንገዱ ጥሩ ስላልሆነ ሮዝቪል ጓደኛው ቤት ያድራል።»

«ድምፁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«በልቷል?»

«በልቷል።»

ደስ አላት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሸሚዞቹን ማጠፍ ጀመረች፣ ከዚያም ወደ ጋዜጣው በአገጯ እያመለከተች «በል እንግዲያው የቀሩትን አንተ አንብብልኝ። ለእሱ አንነግረውም፣ ይቀየመናል» ብላ ሳቀች።

አነበብኩላት። አንደኛው ቤዝ ላይ የሚቆመውን አነበብኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ሳነብ «እውነቱን ነው፣ ያንተ አማርኛ ቡድን ይበትናል» አለችኝ። ካቆምኩ ቀና ብላ ታየኛለች ብዬ አላቆምኩም። የውጪው ሜዳ ተጫዋቾች ጋ ስንደርስ አንዱን ወጣት በጣቷ ነካችው።

«ይሄን እንዳያባርሩት! ጆሮው ቁርጥ የበረከት! ይይዙታል?»

ጋዜጣው ወደ ታችኛው ቡድን ይመለሳል ይል ነበር።

«ይይዙታል» አልኳት።

አሁን አድጌ፣ መርዶ ሊነግሩ በማለዳ ከሽማግሎቹ ጋር የሰው በር ላይ ከሚቆሙት አንዱ እኔ ነኝ። አባዬ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ አሁን ይገባኛል፣ ለእማዬ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሊሰጣት ፈልጎ ነው፣ እሷም በእርግጥ ተኝታለች። ያኔ ግን ይህ አልገባኝም ነበር። ወንድሜ ሞቶ እናቴ ስትስቅ ማየቴን ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን የሰው ቤት ስንገባ ሌሎቹ የሚያዩት መርዶ የሚነገረውን ሰው ነው። እኔ ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ እንዳለ ነው የማየው።

በማግስቱ ገና በደንብ ሳይነጋ መጡ፣ ሰባት ሰዎች ይሆናሉ። እማዬ ብሉሚንግተን ወደምታጸዳው ሆቴል ለመሄድ ተነሥታ ሻይ እየጠጣች ነበር። አባዬ ከፊት ሆኖ ገባ፣ ከኋላው ጋሽ ኤርምያስ፣ ከዚያ ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴቶች። በእኛ ዘንድ ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ለሌላ ነገር አይመጣም። እሷ ግን እነሱን አላየቻቸውም፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ደውሏል አላልከኝም?»

«እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ አረፍ በይ» አሉ ጋሽ ኤርምያስ።

«እሱን ነው የጠየቅኩት።»

አዋቂዎቹ ነገሩን ቀስ ብለው፣ ከሩቅ ጀምረው የሚያመጡበት መንገድ ነበራቸው። እኔ አላውቀውም ነበር።

«አልደወለም፣ እማዬ» አልኩ። «ሞቷል። ትናንት ታች ልብስ ስታጥቢ ነው የነገሩኝ።»

ብርጭቆው ከእጇ አልወደቀም። ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ጮኸች፣ ሴቶቹም አብረው ጮኹ፣ እኔን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ኮት ሳልለብስ ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር። የአባዬን መኪና በእጄና በክንዴ ጠረግሁ፣ መስታወቱን፣ ጣሪያውን፣ መብራቶቹን። ቀጥሎ ያለውን ጠረግሁ፣ ከዚያ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን። የእማዬ ድምፅ በመስኮቱ በኩል እስከ ታች ይሰማ ነበር። ስንተኛው ላይ እንደነበርኩ አላስታውስም፣ ጋሽ ኤርምያስ ኮቴን ይዘው ከኋላዬ ደረሱ።

«ሚኪ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኛ ሰው መኪና አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩና የሚቀጥለውን ጀመርኩ።