አርዋ ያልጨረሰችው በረዶ

ፋናን ያወቅኋት ሳውዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል ነኺል ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቪላዎች ስንሠራ ነው። ሰገነት ላይ ልብስ ስናሰጣ የሚለየን አንድ አጥር ብቻ ስለነበር ወሬያችን ሁሉ በዚያ ላይ ያልፍ ነበር። እኔ መቲ አፌ አያርፍም። እሷ ግን ዝም ያለች የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ከሰው ጋር ተጣልታ አታውቅም። ይህ ጠባይዋ ያናድደኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2017 አባቷ አቶ ሀብተማርያም ደወሉላት። ዓይናቸው ታሟል፣ ሐኪሙም ከገና በኋላ አያዩም ብሏል። «ሳይጨልምብኝ መልክሽን ልየው» አሏት። አምስት ዓመት አልተያዩም። ፋና ማዳሟን ኹሩጅ ለመነቻት፤ ያለ መውጫ ቪዛ መቼም አይወጣም። ማዳም ደግሞ «አርዋ ትምህርቷን ትጨርስ፣ ያኔ ትሄጃለሽ። እስከዚያ ቤቱን የሚይዝልኝ ሰው ማፊ፣ የለም» አለች።

አርዋ የማዳም ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ምን ብትማር ጥሩ ነው? የባሕር በረዶ። ውጭው ሃምሳ ዲግሪ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ እሷ ቤት ቁጭ ብላ የሰሜን ዋልታ በረዶ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና እንደሚሰባበር በኮምፒውተር ታሰላለች። ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ፋና ግን አልሳቀችም፤ ማዳም ከሰዓት በኋላ ስትተኛ አርዋ እየጠራች ታሳያት ስለነበር ገብቷታል።

«ባሕሩን በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍላዋለች» አለችኝ ካልሲ እያሰጣች። «ነፋሱ በረዶውን ይገፋዋል፣ ውሃው ከሥር ይጎትተዋል። ሲጨናነቅ ይከመራል፣ ሲሳብ ይሰነጠቃል። ኮምፒውተሩ ይህንን ለእያንዳንዷ ያሰላል።» ችግሩ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነበር። እውነተኛው በረዶ በሁለት ደሴቶች መሃል ሲደርስ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ቅስት ሠርቶ ይቆማል፤ በሳተላይት ፎቶ ይታያል። የአርዋ በረዶ ግን እንደ ውሃ ሾልኮ ይሄዳል። ያ ካልተስተካከለ ትምህርቱ አያልቅም። ስለዚህ ፋና በየቀኑ «ዛሬስ ቆመ?» ትላታለች። የሽማግሌው ዓይን የበረዶውን መቆም የሚጠብቅ ሆነ።

ነሐሴ ላይ አርዋ በረዶው እርስ በርሱ የሚያያዝበትን ኃይል ጨምራ ስሌቱን እንደ አዲስ ለቀቀችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እሷ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ሳለ የአቧራ አውሎ መጣ። አቧራ ሲመጣ ሥራችን የታወቀ ነው፦ መስኮቱ ሥር እርጥብ ፎጣ ይጠቀጠቃል፣ ሶፋውም አልጋውም ቴሌቪዥኑም አንሶላ ይለብሳል። ፋና ኮምፒውተሩን ከሁሉም አብልጣ አሰበችለት። በወፍራም አንሶላ ጠቅልላ ጫፉን ከሥሩ ወተፈችው። አርዋ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ግሎ ጠፍቷል። ያልተቀመጠው የአሥራ ሁለት ቀን ስሌት አብሮ ጠፋ።

አርዋ መብራት የሄደ መሰላት። ፋና አንሶላውን አጥባ ልታሰጣ ሰገነት ላይ ወጥታ ኮምፒውተሩን ያጋለው አንሶላው መሆኑን ነገረችኝ። «ዝም በይ፣ ማን አየሽ?» አልኳት። እቅጩን ልናገር፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። «ልጅቷ ተቀምጣ ስታለቅስ እያየሁ?» አለችኝና ወረደች።

ነገረቻት። አርዋ ከጠፋው ኮምፒውተር ወደ ፋና ዞረች። ከዚያ «አባትሽ ስንት ጊዜ ቀራቸው?» ብላ ጠየቀች።

«እስከ ገና።»

አርዋ ፊቷን ታጥባ የእናቷን ክፍል አንኳኳች። «ዩማ፣ ጨረስኩ። ኸላስ» አለች። ማዳም እልል አለች። በር ላይ የቆመችው ፋና አፏን ልትከፍት ስትል አርዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኹሩጁ ወጣ። እኔ ያንን ቤት ስረግም የኖርኩት ሴትዮ፣ ያን ቀን ባጠብኩት ልብስ እንባዬን ጠረግሁ። ያቺ ልጅ አንጀቴን በላችው።

ፋና መስከረም ላይ አገሯ ገባች። አባቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ከስተሻል» አሏት። ከዚያ በኋላ አርዋ ለእሷ ብላ የዋሸችውን እያስወሯት አጠገቧ ተቀምጠው ማየት ብቻ ሆነ ሥራቸው። ጥር ላይ ጨለመባቸው።

የካቲት ላይ አርዋ ቪዲዮ ላከችላት። እናቷ ያለቀ የመሰላትን ትምህርት በድብቅ ስትሠራ ከርማለች። ፋና ስልኩን ይዛ አባቷ ጎን ተቀመጠችና ያየችውን ነገረቻቸው፦ በረዶው ይመጣል፣ ይጨናነቃል፣ በሁለቱ ደሴቶች መሃል ቅስት ሠርቶ ይቆማል፤ ከፊቱ ጥቁር ውሃ ተከፍቷል።

«ልጅቷ መቼ ጨረሰች?» አሉ።

«ትናንት አባዬ።»

አቶ ሀብተማርያም በእጃቸው ፊቷን ፈልገው አገኙና «ትናንት ብትመጪ ኖሮ አላይሽም ነበር» አሏት።