ለአማት መነሳት

ራዲያ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ መጋረጃ ትሸጣለች። ከአራት ልጅ በኋላ የተንዘላዘለውን የሆዷን ቆዳ በቀዶ ጥገና ስታስቆርጥ ከባሏ ከባህረዲን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለዘመድ አዝማዱ «ትርፍ አንጀት ነው» ተባለ።

ሐኪሙ አልዋሻትም። «ሁለት ሳምንት ጎብጠሽ ነው የምትሄጂው፤ ቀና ልበል ብለሽ እንዳትታገይ። ስድስት ሳምንት ከባድ ዕቃ አታነሺም። ስትስቂም ስታስዪም ሆድሽን በትራስ ደግፊ» ብሏታል። ያልነገራት አማቷ ከወራቤ እንደሚመጡ ነው።

በስምንተኛው ቀን እማማ ሸምሲያ በር ላይ ብቅ ሲሉ፣ ራዲያ የሐኪሙን ቃል ረስታ እንደ ወጉ ብድግ አለች። ስፌቱ እንደ እሳት ለበለባት። መቆም አቃታት፤ መቀመጥም አቃታት። ከቀሚሷ ሥር የተንጠለጠለውን የቁስሉን ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ በአንድ እጇ ሸፍና፣ ወገቧ እንደታጠፈ ቀረች።

አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳር ምራታቸው እንዲህ ዝቅ ብላ ተቀብላቸው አታውቅም።

«ታመሽም እንዲህ! ወግ አዋቂ ልጄ!» ብለው ግንባሯን ስመው ዱዓ ጀመሩ። የእሳቸው ዱዓ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ ንግዱን አንድ በአንድ ሲያዳርሱ፣ ራዲያ እንደጎበጠች ባዶ እጇን ዘርግታ፣ ላብ እያጠመቃት «አሚን» ትላለች። ባህረዲን ወለል ወለሉን ያያል።

በመጨረሻ አማቷ መዳፋቸውን ስፌቱ ላይ አሳረፉ።

«ይህን ሆድ አላህ በመንታ ይሙላው!»

ራዲያ አንገቷን ብቻ አዙራ ባሏን አየችው።

«አሚን!» አለ ባህረዲን፣ ከልቡ።