የጎረቤት መስመር

የሰፈሩ ሰው አፈጉባኤ ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና በልጅነቷ ነው። እናትና አባቷ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ ሐኪም ቤት ሲሄዱም፣ ከአከራይ ጋር ሲከራከሩም፣ ሥጋ ሲገዙም መሐል ቆማ የምትናገርላቸው እሷ ነበረች። ቁመቷ ከባንኮኒው ሳያልፍ፣ በእግር ጣቷ ተንጠራርታ «አባቴ ከዚህኛው አይደለም፣ ከዚያኛው ይቁረጥልኝ ነው የሚለው» ስትል ልኳንዳ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷ ግን ኮስተር ብላ ሥራዋን ትሠራለች። ስታድግም እንጀራዋ ያው ሆነ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆነች።

እያደር ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ በአካል መጥራቱን ትተው በስክሪን መጥራት ጀመሩ። ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ተቀምጦ ይደውላል፤ እሷ ከቤቷ ሆና በምስል ትገባለች። ሐኪሙ የተናገረውን በእጇ ለታካሚው፣ ታካሚው በእጁ ያለውን በአፏ ለሐኪሙ ታደርሳለች። ለዚህ ሥራ ጥቁር ሸሚዝ፣ ባዶ ግድግዳና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በስልክ የሚያወራ ሰው መስመሩ ቢንተባተብበት «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ብሎ ያልፋል። በእጅ ለሚነገር ቋንቋ ግን ምስሉ ቀጥ ሲል እጅ አየር ላይ ይደርቃል፤ ከምግብ በፊት የተባለው መድኃኒት ከምግብ በኋላ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ስህተት ለጥቂት ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ነገር ቀልድ አታውቅም።

ቤት ለመግዛት የተነሡት በአባቷ ምክንያት ነው። እናቷ ካረፉ በኋላ አባቷ ከሷና ከባሏ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ የተከራዩት ፎቅ ደረጃ ደግሞ ጉልበታቸውን ጨረሰው። እናም ሦስቱም ተያይዘው ምድር ቤት ፍለጋ ገቡ። ዳቦ ጋጋሪው ባሏ በገቡበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ያያል። አናጢ የነበሩት አባቷ በሮቹን በመዳፋቸው እየዳሰሱ እንጨቱን ይመረምራሉ። እሷ ደግሞ ስልኳን ይዛ ከጥግ ጥግ እየዞረች የኢንተርኔቱን ፍጥነት ትለካለች። ደላሎቹ «ሴትዮዋ የምትገዛው ቤት ነው አየር?» እያሉ ይሳለቁባት ነበር። ባሏ የወደደውን ጥሩ ቤት፣ አባቷ በሩን ሲያሻሹት የዋሉትን ሌላ ቤት፣ በኢንተርኔት ሰበብ ጥላ ወጥታለች።

በመጨረሻ አንድ ቤት ተገኘ። ሻጩ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ስለ ኢንተርኔቱ ስትጠይቀው ሳይጨነቅ የይለፍ ቃሉን ነገራትና እንደልብሽ ሞክሪው አላት። ሳሎን ለካች፣ ወጥ ቤት ለካች፣ ለአባቷ በታሰበው ክፍል ለካች፤ መጸዳጃ ቤት ገብታ እንኳ ለካች። መብረቅ ነው! አልበቃት ብሎ ለሥራ ባልደረባዋ በምስል ደውላ፣ ቤቱን እየዞረች በእጇ ስታወራ ቆየች። ምስሉ አንዴም አልደረቀም። መስመሩ በማን ስም እንደሆነ ስትጠይቀው ሻጩ በሱ ስም መሆኑን፣ ከገቡ በኋላ ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ማዛወር እንደሚችሉ ነገራት። ባሏ በእፎይታ ተነፈሰ። ተፈራረሙ።

ከጎናቸው፣ በአጥር ግንብ ብቻ ተለይተው፣ አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕቃ በሚወርድበት ቀን ለአባቷ ወንበር ይዘው መጡና አብረዋቸው ተቀመጡ። አንዱ አይሰማ፣ ሌላው ምልክት አያውቅ፤ ግን ስለ እንጨቱና ስለ ጨርቁ በጣት እያሳዩ ሲሳሳቁ ዋሉ። ልብስ ሰፊው ለእሷ ስለ ልጃቸው ነገሯት። ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ኢንተርኔቱን ያስገቡትም የሷን ፊት ለማየት ብለው ነው። ግን ከዓመት በላይ ሆነ መነጋገር ከተዉ። ወሬ ጀምረው ገና ሳይሞቅ ልጅቷ ትዘጋባቸው ነበር። ሰለቸኋት መሰል፣ ሽማግሌ ወሬው ረጅም ነው አሉ፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከሩ። እሷም ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብላ አጽናናቻቸው።

ሥራዋ በአዲሱ ቤት ሰመረ። የእሑድ ተራ ሲደርሳትም አንዲት ምጥ የያዛት መስማት የተሳናት ሴት ነበረች፤ ከሰዓቱን ሙሉ ከስክሪኑ ፊት ሳትነሣ አብራት አማጠች። ልጁ በሰላም ተወለደ። ደስ ብሏት አየር ልትቀበል ስትወጣ ልብስ ሰፊው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የልጃቸው ልደት ስለነበር እንደ ምንም ራሳቸውን አደፋፍረው ደውለው ነበር። አነሣች፣ ፈገግ አለች፣ «አባዬ» አለች። ከዚያ ዘጋችባቸው። ደግመው ደወሉ፤ ያው ነው። አፈጉባኤ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

በሳምንቱ ውስጥ መስመሩን ወደ ስሟ ለማዛወር ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ቢሮ ሄደች። የመስኮቱ ሠራተኛ የቤቱን ቁጥር አስገባችና ፊቷን ቋጠረች። ደግማ አስገባች።

«እህቴ፣ በዚህ ቤት መስመር ገብቶ አያውቅም።»

አፈጉባኤ ሳቀች። ዛሬ ጠዋት እንኳ ስትሠራበት እንደነበር ነገረቻት። ሠራተኛዋ ስክሪኑን አዙራ አሳየቻት፤ ከቤቱ ቁጥር አጠገብ ባዶ ነው። የሰፈሩ የመስመር ማከፋፈያ ስለሞላም ሳይስፋፋ አዲስ ደንበኛ እንደማይቀበሉ ጨመረችላት። አፈጉባኤ ክው አለች። ስንት ቤት በኢንተርኔት ሰበብ ጥላ፣ ኢንተርኔት የሌለውን ቤት ገዛች ማለት ነው? ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን በምን እንደጨረሰችው አታውቅም። የኢንተርኔቱ ሳጥን መደርደሪያው ላይ እንደወትሮው እያበራች ነው። ባሏ ሁሉን ሰምቶ ሳጥኗን ትኩር ብሎ አያትና «ታዲያ ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ።

በማግስቱ ቴክኒሻን መጣ። ገመዱን ከመደርደሪያው ጀምሮ ተከተለው። ገመዱ በግድግዳው ወርዶ፣ ከግቢው ንጣፍ ሥር በላስቲክ ቱቦ አልፎ፣ ከአጥር ግንቡ ሥር ገባ። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ ግንቡን አየ፤ ከግንቡ ወዲያ የልብስ ሰፊውን ጣሪያ አየ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥቂት ነካካና ራሱን ነቀነቀ።

«ምንድነው?» አለችው።

«መስመሩ የጎረቤትሽ ነው። የሠራው ሰው ደግሞ ቅድሚያውን ለዚህ ቤት ሰጥቶታል። እዚህ ሰው ሲሠራበት፣ እዚያ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ምስል ከሆነማ ወዲያው ይደርቃል።»

የንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያቺ እሑድ መጣችባት፤ እሷ ከስክሪኑ ፊት፣ ሽማግሌው ከግንቡ ወዲያ። «አባዬ» ያለችው ልጅ አልዘጋችም። የዘጋችባቸው እሷ ናት፤ ሳታውቅ፣ በገዛ ሥራዋ።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጨነቀው። ሌላ መላ እስኪገኝ ነገሩን ያዝ ቢያደርጉትስ አለ። ሥራዋ ከቆመ ምን ሊሆኑ ነው? እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ልቧ ወላወለ። አባቷ በራፉ ላይ ቆመው የሁለቱን ፊት ሲያነቡ ቆይተው ኖሯል፤ ምን ተፈጠረ ብለው በእጃቸው ጠየቁ። ለአባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ነገር አሳጥራ ተርጉማ አታውቅም። ሁሉንም ነገረቻቸው። አባቷ ገብተው ኮታቸውን ለበሱና ወደ ጎረቤቱ በር አቀኑ። እሷና ቴክኒሻኑ ተከተሏቸው፤ ባሏም አንገቱን ደፍቶ ከኋላ መጣ።

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። ቴክኒሻኑ ከመስኮቱ ሥር፣ ከመጋረጃው ጀርባ የተደበቀውን ገመድ ስቦ ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ቤቱን የሸጠልን ሰውዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ አይሆንም» አሉ ፈጥነው። «ኢንተርኔቱ ሲበላሽብኝ እየመጣ የሚጠግንልኝ እሱ ነው እኮ። ሻይ አፍልቼለት፣ መርቄው ነበር የሚሄደው።»

ሽማግሌው የተናገሩትን ራሳቸው መልሰው ሰሙት መሰል፣ እጃቸው ወንበር ፍለጋ ወደ ኋላ ሄደ። አባቷ ደግፈው አስቀመጧቸው። ሰውዬው እየመጣ ሳጥኑን አጥፍቶ አብርቶ፣ አሁን ይሠራል ብሎ ሄዶ፣ ከግንቡ ወዲያ ተቀምጦ በትልቁ ስክሪኑ ፊልሙን ሲያይ ኖሯል። ለሁለቱም ቤት የመስመሩን ሂሳብ የሚከፍለው የአንድ ብቸኛ ሽማግሌ ናፍቆት ነበር።

ቴክኒሻኑ ገመዱን ነቀለው። አፈጉባኤ «ይደውሉላት ጋሼ» አለች። ቁጥሩን የነካችላቸው እሷ ናት፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ደጅ ወጡ። የልጅቷ ድምፅ ግን በመስኮቱ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አባዬ፣ እንዴት ነው ዛሬ ያልዘጋህብኝ?»

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትዘጊብኝ?»

ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው በረዘመ ቁጥር አፈጉባኤ መስመሩ እንደገና የተቆረጠ እየመሰላት ልቧ ተንጠለጠለ። አልተቆረጠም። እዚያ ማዶ ልጅቷ እያለቀሰች ነበር። ለካ እሷም ያን ሁሉ ጊዜ አባቴ ተቀይሞኛል ብላ ተቀምጣለች።

አፈጉባኤ ሻጩ ጋ የደወለችው ያን ቀን ነው። ይክዳል፣ ይሳደባል፣ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል ብላ ለሁሉም ተዘጋጅታ ነበር። ሰውዬው ግን ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። «ስትለኪው ሠርቷል አልሠራም? ሽማግሌው እኮ በሳምንት አንዴ ነው የሚከፍተው» አላትና፣ ቤቱ ተመችቷችሁ እንደሆነ ጠይቆ፣ መልካም ቀን ተመኝቶላት ዘጋ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሥራዋ ሊቆም ነው ብላ ስትብሰለሰል መላውን ያመጡት ልብስ ሰፊው ናቸው። ልጃቸው የምትደውለው ከሥራ ስትወጣ፣ ወደ ማታ ገደማ ነው። ቀን ቀን መስመሩም የስፌት ክፍሉም ባዶውን ይውላል። አይሆንም አለች፤ አፈረች። «የሰው ሕይወት ነው የምትተረጉሚው፤ ነይና ሥሪ» አሏት። ስለዚህ ማከፋፈያው እስኪሰፋ ድረስ፣ ያረጀውን የስፌት መኪና ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ፣ እሳቸው የሰቀሉላትን ጥቁር ጨርቅ ከጀርባዋ አድርጋ ሠራች። የእሑድን ተራ ግን፣ ያ ቀን የአባትና የልጅ ስለሆነ፣ ለባልደረባዋ ሰጠች። ዛሬ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ካጋጠማት ሳትጠየቅ ትናገራለች፦ በስልክ መለካቱ ኢንተርኔት መኖሩን ነው የሚነግርህ፤ የማን እንደሆነ አይነግርህም። ሳትፈርም የቤቱን ቁጥር ይዘህ ቢሮው ድረስ ሂድ።

ሻጩ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ምንም እንዳልተፈጠረ የልብስ ሰፊውን በር አንኳኳ። አፈጉባኤ ከስፌት ክፍሉ በመስኮት ታያለች። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰውዬው ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ እጁን ዘረጋ። እጁን አልጨበጡትም። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና ተመልሰው ገቡ።

«ስንት ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር» አሏት። «ፊቱን ሳይ ሁሉም ጠፋኝ። ምንም ያደረገ ሰው አይመስልም እኮ።»

ከዚያ መጋረጃዎቹን ከመስኮቱ ማውረድ ጀመሩ፤ ልጃቸው ለእረፍቷ ልትመጣ ስለነበር ቤቱ መጽዳት ነበረበት። አፈጉባኤም ጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ የሚቆሙበትን ወንበር ያዘችላቸው።