ወደ ግራ ያዘነበለው መሮ

ሚሊሜትር ሲናደድ መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም ጆሮዎቹ ቲማቲም መስለው ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። በአንድ እጁ መሮ፣ በሌላው ማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ይዟል። የመሮውን አፍ ከስኳድራው ጋር ያጋጥማል፣ ወደ ብርሃኑ ያነሳል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ያስቀምጠውና ሌላ ያነሳል። አሥራ አራቱንም እንዲህ አየ።

«ማን አባቱ ነው እቃዬን የነካው?» አለ ለብቻው።

የንዴቱን ልክ ለማወቅ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት ውስጥ አናጢ ነበር። ሌላው አናጢ በር ገጥሞ «ተዘጋ» ሲል እሱ ጎንበስ ብሎ «አንድ ሚሊሜትር ይቀራል» ስለሚል ስሙን አወጡለት፣ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ጡረታ ሲወጣ የምስጋና ወረቀትና ጃንጥላ ሰጡት። ጃንጥላው በሳምንቱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ «ይሄን እንዴት ልሥራው?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ይሄ ደግሞ ከጃንጥላው ይልቅ ያንገበግበዋል።

ቤቱ ጓሮ ድሮ ልብስ ማጠቢያ የነበረች ክፍል አለች። እሷን የሥራ ክፍል አደረጋት። ከብረታ ብረት ለቃሚዎች ዝገት የበላው መሮ፣ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ እጀታው የተሰነጠቀ መላጊያ እየገዛ ያድሳል። የዛገውን በልብስ ማጠቢያው ገንዳ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል፣ ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ ጀርባውን ያስተካክላል፣ መጨረሻ ላይ ዘይት በጠጣ ድንጋይ ይስላል። ግራይንደር የሚባል በመብራት የሚሽከረከር መሞረጃ ደጁ አይደርስም። ሰው ጤነኛ ሆኖ እንዴት መሮን በግራይንደር ይሞርዳል? ብረቱ ይግልና ሰማያዊ ይሆናል፣ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ሳሙና እንኳ ደህና አድርጎ አይቆርጥም። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ሲያጋጥሙት ሚሊሜትር ሰላምታ ያቋርጣል። የሳለውን የሚሞክረው በግራ ክንዱ ፀጉር ላይ ብቻ ነው፤ ስኳድራ የሚያነሳው ትልቅ ነገር ሲመጣ ነው። ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው መላጣ ነው።

አብራው የምትኖረው በሦስት ዓመት የምታንሰው እህቱ ናት። ባሏ ሲሞትባት ከአራት ዓመት በፊት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ትንሽ የምትናገር፣ ነገር ሆዷ ውስጥ የምታኖር ሴት ናት።

ከሁለት ወር በፊት የድሮ ፎርማኑ፣ እሱም አሁን ጡረተኛ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን አስጭኖ መጣ። ውስጡ አሥራ አራት መሮና አንድ ትልቅ መላጊያ አለ፤ ሚሊሜትርንና ፎርማኑን ሥራ ያስተማራቸው የሟቹ አናጢ የጌታቸው እቃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ከምድር ቤት መጋዘን የተገኘ ነው። ሚሊሜትር ዝገቱን ቀርፎ ከሳለው በኋላ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ሊወስደው ነው።

«ሌላም ነገር አለ» አለው ፎርማኑ። «ለልጆቹ መሳል የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት። አንተን ነው የነገርኳቸው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐሙስ ቀን መጥቶ እቃውን ያያል፣ ስትስልም በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።»

ሚሊሜትር «አያለሁ» አለ እንደማይፈልግ ሰው። ውሸቱን ነው። ከጡረታው ወዲህ እንዲህ የፈለገው ነገር የለም። ለዚያ ቀን ብሎ ሸሚዝ ገዛ፣ መስታወት ፊት ቆሞ «ልጆች፣ መጀመሪያ ጀርባው ነው» እያለ ተለማመደ። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ስላለፈው ትንሽ ስጋት ነበረው፤ ግን «ብርድ ነው» ይላል። በጠራራ ፀሐይም ብርድ ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን ፍተሻ ሲያደርግ ነው ጉዱን ያየው። አሥራ አራቱም መሮዎች ስለታቸው እንከን የለውም፣ ግን አፋቸው ከፀጉር ባነሰ ልክ ወደ ግራ አዘንብሏል። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ለሱ ግን የሰው ፊርማ ነው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው መሮ ሲስል ሳያውቀው በቀኝ በኩል ይጫናል፣ አፉም በዚያ በኩል ያንሳል። ሚሊሜትር ራሱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ታግሎ ያላጠፋው የቀኝ ዝንባሌ አለው። ወደ ግራ የሚያዘነብለው ግራኝ የሳለው ብቻ ነው።

ወዲያው የጠረጠረው ፎርማኑን ነው። እሁድ መጥቶ ነበር፣ ሚሊሜትር ዘይት ሊገዛ ወጥቶ እስኪመለስ ብቻውን የሥራ ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። አላመነኝም፣ አለ በልቡ፣ ሌላ ሰው አምጥቶ አስነክቶብኛል። አንዱን መሮ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ስኳድራውን ኪሱ ከቶ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የፎርማኑን በር በቡጢ ደበደበ።

«ማንን ነው ያመጣህብኝ?»

«ደህና አደርክ አይባልም?» አለ ፎርማኑ በፒጃማው እንደቆመ።

«አላደርኩም። ግራኙ ማን ነው? ካላመንከኝ መጀመሪያውኑ ለምን ሳጥኑን ደጄ ጣልክ?»

ፎርማኑ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ከሰማ በኋላ እሱም በተራው ተቆጣ። «ስማ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሰው አላመጣሁም። ባለፈው ዓመት ያደስክልኝን ትንሿን መላጊያ ባላያት ኖሮ ያንተን ስም አላነሳም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ስለት አልያዝኩም። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አልነካትም፣ ማንም አልነካትም። ይኸው ያዝ፣ ራስህ እያት።»

ሚሊሜትር የመላጊያዋን ምላጭ አውጥቶ ስኳድራው ላይ አስጠጋ። ወደ ግራ አዘንብሏል። ደህና ዋልም ሳይል ወጥቶ ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አወረደ። እሱ ሚሊሜትር ነውና ያደሰው እቃ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የጨረሰበትን ቀን ይጽፋል። አንድ በአንድ እየለካ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስት ወር፣ ግራ። ስምንት ወር፣ ግራ። ዓመት፣ ግራ። አሥራ አራት ወር ላይ አንዲት ቀጭን መሮ አገኘ፤ እሷ ወደ ቀኝ ናት፣ አፏ ግን የሕፃን ጥርስ የነከሰው ይመስል ተቦጫጭቋል። ከሷ በፊት ያሉት ሁሉ ቀኝ ናቸው፣ የራሱ ናቸው። ስኳድራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁ ከአሥራ አራት ወር በፊት ጡረታ ወጥቶ ኖሯል፤ ለእጁ ባለቤት ግን የነገረው የለም።

ወደ ኩሽና ሄደ። እህቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ቢላዋውን በግራ እጇ ይዛለች። ስድሳ ዓመት በግራ እጇ ስትከትፍ አይቷታል፣ ያየው ግን ገና አሁን ነው።

«አንቺ ነሽ» አላት።

«እኔ ነኝ» አለች። መክተፏን አላቆመችም።

«መቼ?»

«ምሳ በልተህ ስትተኛ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

ይሄኔ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ድምጿን አላነሳችም፣ ይሄ ነው ያስፈራው።

«ፈቃድ? የመጣሁ ሰሞን ‹ጋሼ፣ ግድግዳ ከማይ እዚያ ክፍል አንድ ነገር ልወልውልልህ› ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ? ‹ይሄ ኩሽና አይደለም› አልከኝ። ልጅ ሆነን አባባ መሮ ሲያስይዝህ እኔም ልያዝ ብዬ እጄን ብዘረጋ በማስመሪያ መታኝ። ‹ሴት፣ ደግሞ በግራ› አለ። አንተ ሳቅክ። ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የአርባ ሴት መቀስ የሳልኩት እኔ ነኝ። አርባ። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓመት ስንኖር፣ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

«አታለልሽኝ» አለ። «አሥራ አራት ወር ሙሉ መሳቂያ አደረግሽኝ። ሰው በሰው ስለት ይመሰገናል እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር? ያቺን ቀጭኗን መሮ ክንድህ ላይ ስትሞክር በመስኮት አየሁህ። ፀጉሩ ቀርቶ ቆዳህ ተቆረጠ። ደሙን በሰጋቱራ ሸፈንከው፣ ሰው እንዳያይ። አንጀቴን በላኸኝ። በማግስቱ ሌላ ስትስል ጠብቄ፣ ስትተኛ ገብቼ አስተካከልኩት። ተነስተህ ሞክረኸው እንደ ልጅ ሳቅክ። ከዚያ እንዴት ብዬ ልተው? አሁን ግን በቃኝ። በራሴ ነው የተናደድኩት፤ በስተርጅና በወንድሜ ቤት ሌባ ሆንኩ። ሐሙስ ሰዎቹ ሲመጡ ከዚህ አልወጣም። ወይ ራስህ ሳል፣ ወይ እውነቱን ተናገር።»

ሽንኩርቷን አነሳች። እሱም በሩን ደርግሞ ወጣ።

ረቡዕ በዚያ ቤት ሳህን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሳህን ይነሳል። ሚሊሜትር ከጠዋት እስከ ማታ የሥራ ክፍሉን ዘግቶ የራሱን አሮጌ መሮ ዘጠኝ ጊዜ ሳለ። ድንጋዩን ሰደበ፣ ዘይቱን ሰደበ፣ በርጩማው አጠረብኝ ብሎ ከእግሩ ሥር እንጨት ጨመረ። ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ያዘው፣ ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። አባቱን አሰበ፣ ማስመሪያውን አሰበ፣ የራሱንም ሳቅ አሰበ፣ በሦስቱም ተናደደ። ከሁሉ የባሰ የተናደደው ግን እሷ የሳለችው ከሱ ደህና ጊዜ ሥራ የተሻለ ስለሆነ ነው። ይሄን ደጋግሞ ለካው፣ ያው ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊውና ፎርማኑ መጡ። ኃላፊው መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፣ ደብተር ይዟል። ፎርማኑ ከማክሰኞው ጠብ በኋላ ሰላም ያለው በግማሽ አፉ ነው። ኃላፊው አንዱን መሮ አንስቶ በመቆንጠጫው ሞርሳ የተያዘ ለስላሳ እንጨት ጫፉ ላይ ገፋው። እንጨቱ ሳይቦጨቅ ለስልሶ ተቆረጠ፣ ቦታው ቫርኒሽ የነካው ይመስል አብለጨለጨ። ሰውየው በጣቱ ዳሰሰው፣ እንደገና ቆረጠ፣ እንደገና ዳሰሰው።

«አባቴ፣ እንዲህ ያለ ስለት ትምህርት ቤታችን ገብቶ አያውቅም» አለ። «እስቲ አንዴ ሲስሉ ልይዎት።»

ሚሊሜትር ተቀመጠ። ዘይት ጠብ አደረገ፣ መሮውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ብረቱ ድንጋዩ ላይ ጠጠጠጠ አለ። አነሳው፣ ትንፋሹን ይዞ እንደገና አስቀመጠው። ጠጠጠጠ። ፎርማኑ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ከኩሽና ውኃ ሲፈስ ይሰማል፣ በሩ ግን ዝግ ነው።

«ዛሬ ብርድ መትቶት ነው» አለ ፎርማኑ ለኃላፊው። ቂሙን ትቶ ሊያድነው ነው። «ሌላ ቀን ቢሆን—»

«ብርድ አይደለም» አለ ሚሊሜትር። ከራሱ አፍ የወጣውን ቃል ራሱም ጠላው። «እጄ አልቆለታል። ዓመት አልፎታል። እነዚህን የሳልኩት እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት። ኩሽና ናት።»

ሚሊሜትር ተነስቶ ጓሮውን ተሻገረና ኩሽናው በር ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ ሳያንኳኳ የሚገባበት በር ነው። ዛሬ አንኳኳ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ በሩን እያየ። «አንቺ እንደሆንሽ ነግሬያቸዋለሁ። እባክሽ ነይ።»

ውኃው ተዘጋ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፣ ፊቱን ሳታይ አልፋው ሄደች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ትናንት የጨመረውን እንጨት በእግሯ ገፍታ አወጣችው። ድንጋዩን አዞረችና መሮውን በግራ እጇ ያዘች። ከዚያ የሥራ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የብረቱ ድምፅ ብቻ ሆነ፣ ወጥ፣ ሳይቆራረጥ። ኃላፊው ደብተሩን ብብቱ ሥር ከቶ ጎንበስ ብሎ እጇን ተመለከተ።

«ትንሽ ክርንሽን—» ብሎ ጀመረ ሚሊሜትር።

«ዝም በል» አለችው።

ስትጨርስ መሮውን ለኃላፊው ሰጠችው። በወረቀት ጠርዝ ሞከረው፣ ወረቀቱ ያለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ሰውየው ለሚሊሜትር አንድ ቃል ሳይናገር ወደ እሷ ዞረና «እናቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ይመችዎታል?» አላት።

«ይመቸኛል» አለች።

ሚሊሜትር አዲሱን ሸሚዙን እንደለበሰ፣ በገዛ ክፍሉ፣ በገዛ ድንጋዩ፣ ሁለት ወር ሲያልመው የኖረው ነገር ለሌላ ሰው ሲሰጥ ቆሞ አየ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ እዚያም አላርፍ አለው። ኃላፊው ደብተሩን ገልጦ መጻፍ ጀመረ፣ ከዚያ እንዳዘነለት ሰው ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ለመሆኑ ማን ነው እሳቸውን እንዲህ አድርጎ ያስተማራቸው?»

ፎርማኑ በአገጩ ወደ ሚሊሜትር አመለከተ፣ በል ተናገር እንደማለት። እህቱ ቀና ብላ አየችው። መልሱን የምትጠብቅ አትመስልም ነበር። ድንጋዩን መጥረግ ጀመረች።

የሚሊሜትር ጆሮዎች ቀሉ።

«ማንም» አለ። «እኛማ ከለከልናት።»