ሦስት ሌሊት ያደረ መርዶ

ኢየሩሳሌም፣ ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ውስጥ ፋሲካ በማለዳ በሩን አንኳክታበት ያልደነገጠ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቿ ሲቀልዱባት «አንቺ ሴት፣ እባክሽ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነይብን» ይሏት ነበር። ቀን ቀን ትምህርት ቤት ታጸዳለች። ከጎንደር የሞት ወሬ በስልክ ሲመጣ ግን መርዶው የሚሰጠው ለእሷ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትላ ትገባለች፤ መጀመሪያ ምድጃውን ታጠፋለች፣ ሕፃን ካለ ለጎረቤት ታሲዛለች፣ ከዚያ የሐዘንተኛውን እጅ ይዛ ባጭር ቃል ትነግረዋለች። ይህን ማን እንዳስተማራት እንጃ፤ ምናልባት ወደ እስራኤል ስትመጣ ሱዳን ላይ የቀበረቻቸው ልጆቿ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ኢንቲፋዳ፣ የፍልስጤማውያኑ አመፅ፣ ሊነሳ ዓመት ሲቀረው የሰፈሩ ምክር ቤት ምርጫ መጣ። የእህቷ ልጅ ታከለ ተወዳደረ። ከእኛ ከቤተ እስራኤል ሰው ተቀምጦበት የማያውቅ ወንበር ነው፤ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ቤት አስከፍታለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ደረጃ ለደረጃ እየወጣች ሴቶቹን የቀሰቀሰችለት ደግሞ የፋሲካ የግድግዳ ጎረቤት ልቅናሽ ናት።

ምርጫው ማክሰኞ ሊሆን እሑድ ጠዋት ከጎንደር ተደወለ። የልቅናሽ ወንድም ቢምረው ሞቷል። ከእሱ ሌላ ወንድም የላትም።

ታከለ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «አክስቴ፣ ዛሬ ከነገርሻት ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። ማን ይመርጠኛል? ሁለት ቀን ብቻ!»

«እኔ መርዶ አሳድሬ አላውቅም።»

«ቢምረው እንደሁ አይነሳ። ለልጆቹ ብለሽ።»

ፋሲካ ያነሳችውን ነጠላ አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። ታከለ ያንን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ እሺታም ነበር።

ሰኞ ልቅናሽ ካፖርት ይዛ እየሳቀች ገባች። «እታለም፣ ጎንደር የሚሄድ ሰው አገኘሁ! ለቢምረው ልልክለት ነው። ትከሻው ላይ ይበቃው ይሆን?»

ፋሲካ ካፖርቱን ዳሰሰችው። «ይበቃዋል» አለች። ያን ቃል እንዴት ከአፏ እንዳወጣችው እስከ ዛሬ አታውቅም።

ማክሰኞ ማምሻውን ታከለ በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። እልልታውን የጀመረችው ልቅናሽ ናት፤ ሻሿን ፈትታ እያውለበለበች እስክስታ ወረደች። ፋሲካ ግድግዳ ተጠግታ ቆማ «አንቺ ደስ አይልሽም እንዴ?» ሲሏት፣ ወገቤን አመመኝ አለች።

ረቡዕ ሲነጋ አንኳኳች። ልቅናሽ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፤ ጩኸቷ ደረጃውን ሞላው። ትንሽ ሲበርድላት ቀና ብላ «መቼ ነው የተደወለው?» አለች።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ትናንት ማታ ማለት ይቻል ነበር።

«እሑድ» አለች ፋሲካ።

«እልል ስል አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ታከለ መጥቶ የልቅናሽ ጉልበት ላይ ወደቀ። እሷም አነሳችው። አክስቱንም ሊያስታርቅ አፉን ሲከፍት «አንተ ወንበር ፈልገህ ነው፤ ማንም ይፈልጋል። እሷን ግን አምኛት ነበር» አለችው።

የልጆቹ ቤት ተከፈተ። ፋሲካ በደጁ ስታልፍ ጫጫታቸውን ሰምታ ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላትም ታፍራለች። መርዶ ግን ከዚያ ወዲህ የሚያመጣላት የለም። ሰው ሲሞት እንደ ማንኛውም ጎረቤት ጩኸቱን ሰምታ ነጠላዋን ትፈልጋለች፤ ለቅሶ ቤት ስትደርስም በሩ አጠገብ ትቀመጣለች።